ክንፉን ማን ፈተነው? ስለ «ዘ ፍላይት ኦቭ ዘ ፊኒክስ» ፊልሞች

ባለፈው ወር በትምህርት ማዕከላችን አዳራሽ በሁለት ተከታታይ ቅዳሜዎች የታዩት ፊልሞች ከመምህራን ክፍል እስከ ውኃ ቦኖው ድረስ ክርክር አስነሥተዋል። ሁለቱም የተሠሩት በአንድ ታሪክ ላይ ነው። የመጀመሪያው በ1965 ሮበርት አልድሪች ያዘጋጀው «ዘ ፍላይት ኦቭ ዘ ፊኒክስ» ነው (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ሁለተኛው ጆን ሙር በ2004 እንደገና የሠራው ነው። መነሻቸው ኤለስተን ትሬቨር በ1964 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። ክርክሩ ግን ስለ ፊልም ጥበብ አልነበረም። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ሞዴል አውሮፕላን የሚሠራ ሰው እውነተኛ አውሮፕላን ሊሠራ ይችላል ወይ?» የሚለውን ነበር።

ይህ ለእኛ ለመምህራኑ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም። እንደሚታወቀው የሳይንስ ክበባችን ልጆች ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ሜትር ክንፍ ያለው ሞተር አልባ ሞዴል አውሮፕላን፣ ማለትም ግላይደር፣ እየሠሩ ነው። አንዳንድ ወላጆችና ባልደረቦች ደግሞ «የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደጅ ላይ ቆሞ ልጆቹ አሻንጉሊት ይሠራሉ» ብለው ለትምህርት ኮሚቴው አመልክተዋል። ኮሚቴው የረቡዕ ከሰዓት በኋላውን የተግባር ክፍለ ጊዜ ለፈተና ማጠናከሪያ ይሰጠው አይሰጠው እንደሆነ በሚቀጥለው ስብሰባ ይወስናል። የሚገርመው፣ ከሳሹም ተከላካዩም ፊልሙን ምስክር አድርጎ መጥራቱ ነው። እኛ ደግሞ ፊልሙን ደጋግመን ካየን በኋላ የምንለው፣ ይህ ምስክር ለማንኛውም ወገን ቃሉን በቅጡ አይሰጥም ነው።

ላላያችሁ ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በሊቢያ ሰሐራ ላይ የሚበር ሁለት ሞተርና መንታ ጭራ ያለው የጭነት አውሮፕላን በአሸዋ ማዕበል ተመትቶ በረሃ ላይ ይወድቃል። አብራሪው ፍራንክ ታውንስ (ጄምስ ስቱዋርት) ነው፤ አብሮት ሉ ሞራን (ሪቻርድ አተንቦሮ) አለ። ፈላጊ አይመጣም፣ ውኃው ያልቃል። በዚህ መሐል ሃይንሪክ ዶርፍማን የተባለ ጀርመናዊ ተሳፋሪ (ሃርዲ ክሩገር) ከስብርባሪው ባለ አንድ ሞተር አነስተኛ አውሮፕላን መሥራት ይቻላል ይላል። ሙያህ ምንድን ነው ሲባል የአውሮፕላን ንድፍ አውጪ ነኝ ብሎ ይመልሳል። ታውንስ አይዋጥለትም። ሞራን ግን ሌላ መውጫ እንደሌለ ስለገባው ሁለቱን ያስማማቸዋል። ሥራው ወደ ማለቁ ሲደርስ ነው ጉዱ የሚወጣው፤ ሰውየው የሚሠራበት ድርጅት የሚያመርተው ሞዴል አውሮፕላን ብቻ ነው!

አዳራሹ በሳቅ የተናወጠው እዚህ ጋ ነበር። ከኋላ አንድ አባት «ታዲያ አላልናችሁም!» ሲሉም ተሰምተዋል። ዶርፍማን ግን አያፍርም። እንዲያውም ግራ ይገባዋል። አሻንጉሊት ሲጠመዘዝ መሬት ላይ የሚሽከረከር ነገር ነው፣ ሞዴል ግን ሌላ ነው፣ የሚበርበት ሕግ ከትልቁ ጋር አንድ ነው ብሎ ያስረዳል። ይጨምርናም፣ ሞዴል ውስጥ ሆኖ ስሕተቱን የሚያርምለት አብራሪ ስለሌለ ሚዛኑን በራሱ እንዲጠብቅ ተደርጎ መነደፍ አለበት ይላል። በፊልሙ ውስጥ ካሉት ንግግሮች ሁሉ ትክክለኛው ይኼ ነው። የእኛም ክበብ ልጆች የክንፉን ሁለት ጫፎች ከመሐሉ ትንሽ ሽቅብ ያደረጉት ለዚሁ ነው፤ ግላይደሩ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ራሱ እንዲመለስ። በታሪክም ቢሆን ሞዴል የትልቁ አባት እንጂ ልጅ አይደለም። ራይት ወንድማማቾች በ1901 የሠሯት የነፋስ ሣጥን የፈተነችው በእጅ መዳፍ የሚያዙ ትናንሽ ክንፎችን ነበር፤ በ1903 ሰው ተሸክሞ የተነሣው አውሮፕላን የተነደፈው ከእነዚያ በተገኘ ቁጥር ነው። ስለዚህ «አሻንጉሊት» የሚለው ክስ በዚሁ ይውደቅ።

ነገር ግን ዶርፍማን ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው። ሌላውን ግማሽ ፊልሙም አልጠየቀውም። የመብረር ሕጉ አንድ ነው፣ እሺ። የጥንካሬው ጉዳይስ? ጋሊልዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ የትልቅ እንስሳ አጥንት የትንሹን ቅርጽ ይዞ ዝም ብሎ ቢያድግ ሸክሙን እንደማይችል አሳይቷል። ክንፍም እንዲሁ ነው። ባለ 1 ሜትር ክንፍ ያለው 200 ግራም የሚመዝን ሞዴል አለን እንበል። በዚያው ቅርጽና በዚያው ዕቃ ክንፉን 3 ሜትር ብናደርገው የክንፉ ስፋት 9 እጥፍ ይሆናል፤ ክብደቱ ግን 27 እጥፍ፣ ማለትም 5 ኪሎ ከ400 ግራም ይሆናል። እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ክንፍ ሦስት እጥፍ ይሸከማል፤ ላለመውደቅም ወደ 1.7 እጥፍ ፈጥኖ መብረር አለበት። ክንፉ ከገላው ጋር የሚገናኝበት ሥር ላይ እንጨቱን የሚያስጨንቀው ጫናም ሦስት እጥፍ ነው። እንግዲህ ትልቅ ሞዴል መሥራት ትንሹን ማሳደግ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ልጆቹ ከሦስት ወር በላይ የፈጀባቸው ይህንን ሲቀንሱ ነው፤ ዛሬ ግላይደሩ ሙሉ በሙሉ 2 ኪሎ ከ300 ግራም ነው።

እስቲ ክንፉ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ፊልሙ ያልቆየበት እዚያ ነው። የትልቅ ግላይደር ክንፍ ነፍሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄደው አግዳሚ ነው። የልጆቹ አግዳሚ ሁለት የተሰነጠቀ ቀርከሃ ነው፤ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ በመሐላቸው ቀጭን ኮምፔንሳቶ ተጣብቆ። ለምን አንድ ወፍራም እንጨት አልሆነም? ማስመሪያችሁን ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አጉብጡት፤ ይጎብጣል። በጠርዙ አቁማችሁ ሞክሩት፤ እምቢ ይላል። የእንጨት ወርዱ እጥፍ ቢሆን ጥንካሬው እጥፍ ይሆናል፤ ቁመቱ እጥፍ ቢሆን ግን ጥንካሬው አራት እጥፍ፣ አለመጉበጡ ደግሞ ስምንት እጥፍ ነው። በበረራ ጊዜ የላይኛው ቀርከሃ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይለጠጣል፣ መሐል ያለው ኮምፔንሳቶ ሁለቱ እንዳይንሸራተቱ ይይዛቸዋል። ይህን ነገር ሰሌዳ ላይ ጽፈን ስናስተምር የገባው ልጅ በጣት ይቆጠር ነበር።

ከዚያ ጎድኖቹ ይመጣሉ። አርባ ሁለት ናቸው፤ ከካርቶን የተቆረጠ አንድ ቅርጽ ተከትለው የተከረከሙ፣ በብርጭቆ ወረቀት አብረው የተላጉ። ቅርጹን ለክንፉ የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ሦስተኛው ልባሱ ነው፤ ትልቁ ጣጣም እዚያ ነው። ቀጭን ወረቀት ተለጥፎ በውኃ የቀጠነ ኮላ ሲቀባ፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ደግሞ ክንፉን ይጎትተዋል። በአንድ ወገን ብቻ ቢለብስ ወይም አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቢደርቅ ክንፉ እንደ ደረቀ ቆዳ ይጠማዘዛል። ባለ ሦስት ሜትር ክንፍ የአንዱ ጫፍ የኋላ ጠርዝ አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢጣመም ግላይደሩን ወደ ጎን ለመገልበጥ ይበቃዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ቀጥ ያለ ጠረጴዛ ነው። እንዲህ ያለ ጠረጴዛ በካምፑ ውስጥ ስለሌለ የመጋዘኑ በር ከማጠፊያው ወልቆ፣ ውኃ ልክ እየተደረገበት በድንጋይ ተደላድሎ፣ ክንፉ እዚያ ላይ በስፒል ተወጥሮ አድሯል። (ለመጋዘኑ ጠባቂ ለጋሽ ዘበኛ ምስጋናችን ይድረሳቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ በሩ ባልነበረበት በር ላይ ተቀምጠዋል።)

አሁን ወደ ፊልሙ እንመለስ። ለዶርፍማን አንድ ነገር ይያዝለት፤ የእሱ ክንፎች ፋብሪካ የሠራቸው እውነተኛ ክንፎች ናቸው። አግዳሚና ጎድን ከዜሮ የመሥራት ዕዳ የለበትም። የእሱ ዕዳ መገጣጠሚያው ነው፤ ለአንድ ገላ የተሠራ ክንፍ ሌላ ቦታ ላይ ሲታሰር ያ ሥር ይችላል ወይ የሚለው ነው። በዚያ ላይ ተሳፋሪዎቹ ክንፉ ላይ በደረታቸው ተኝተው ሊሄዱ ነው። እኛ የጠበቅነው አንድ ሰው እንኳ «ቆይ፣ ይህን ክንፍ መጀመሪያ አሸዋ እንጫንበት» እንዲል ነበር። በዚያ ሁሉ በረሃ አሸዋ አይታጣም! ማንም አይልም። ፊልሙ የፈተና ሰዓቱን የሚያውለው ሞተሩን ለማስነሣት ነው። የቀሩት የማስነሻ ጥይቶች ጥቂት ናቸው፤ ታውንስ አንዱን ሲሊንደሩን ለማጽዳት ብቻ ሲያቃጥል ዶርፍማን ይጮኻል፣ እኛም ወንበራችንን ጨብጠን እናያለን። ትዕይንቱ ግሩም ነው፣ አንክድም። ግን ሞተር ባይነሣ መሬት ላይ ትቀራለህ፤ ክንፍ ቢሰበር የት ነው የምትቀረው?

ይህ መላ ምት አይደለም። ለቀረጻው ሲባል ኦቶ ቲም በተባለ ባለሙያ እጅ በእውነት የሚበር አውሮፕላን ተሠርቶ ነበር። ክንፉ ከአንድ፣ ሞተሩ ከሌላ አውሮፕላን የመጣ ነው። ሐምሌ 8 ቀን 1965 ታዋቂው የፊልም አብራሪ ፖል ማንትዝ ለሁለተኛ ቀረጻ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ አውሮፕላኑ አነስተኛ ጉብታ ነካ። ለመነሣት ጉልበት ሲሰጠው ገላው ለሁለት ተሰበረ። ማንትዝ ሞተ፣ አብሮት የነበረው ሰው ተጎዳ። ፊልሙም መጨረሻው ላይ ለእሱ መታሰቢያ አኑሯል። እንግዲህ በታሪኩ ውስጥ የሞዴል ሠሪው አውሮፕላን ይበራል፣ በእውነቱ ዓለም ግን በባለሙያ የተሠራው ተሰብሯል። «ወረቀት የሌለው ሰው አይሠራም» ለሚሉትም «ወረቀት አያስፈልግም» ለሚሉትም ይህ የማይመች ነገር ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከፊልሙ የበለጠ የሚያስተምረን፣ እንደኛው አጥር ውስጥ የነበሩ ሰዎች የሠሩት ክንፍ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች የማረኳቸውን የጠላት መኮንኖች ኮልዲትዝ በሚባል የሳክሶኒ ግንብ ውስጥ ይዘው ነበር። ቢል ጎልድፊንችና ጃክ ቤስት የተባሉ እንግሊዞች በ1944 ከጸሎት ቤቱ በላይ ባለው ጣሪያ ሥር የሐሰት ግድግዳ ጀርባ ተደብቀው ሁለት ሰው የሚይዝ ግላይደር መሥራት ጀመሩ። የጸሎት ቤቱ ጣሪያ ከጠባቂዎቹ ዓይን የተሰወረ መሆኑን ያስተዋለው ቶኒ ሮልት ነው (ይኸው ሰው በ1953 የለ ማን የመኪና ውድድርን ካሸነፉት ሁለት ነጂዎች አንዱ ነው)። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 9.75 ሜትር፣ ጠቅላላ ክብደቱ 109 ኪሎ ገደማ። አግዳሚው ከወለል ሳንቃ፣ ጎድኖቹ ከአልጋ ርብራብ፣ የመሪው ሽቦ ከግንቡ የኤሌክትሪክ መስመር ተነቅሎ። ልባሱ ሰማያዊና ነጭ ጥለት ያለው የመኝታ ከረጢት ጨርቅ ነበር። ጨርቁን ለማጠንከር የቀቡት ደግሞ ከራሽናቸው ላይ ሚሌት የተባለውን ዳጉሳ መሰል እህል ቀቅለው ነው። ይህን ስንነግራቸው ልጆቹ በማግሥቱ የቤታቸውን የራሽን ዱቄት ሙቅ በጣሳ ይዘው መምጣታቸውን ለወላጆች ማሳወቅ ግዴታችን ነው።

እኛን ከቁሳቁሱ ይልቅ የያዘን ሌላ ነገር ነው። ጎልድፊንች ክንፉን ከሐሳቡ ብቻ አላወጣውም። በእስር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የላቲመር ኒድሃም «ኤርክራፍት ዲዛይን» የተባለ መጽሐፍ አገኘ፤ ቀመሩም የክንፉ ሥዕልም እዚያ ውስጥ ነበር። የሠራውን ስሌት ደግሞ ሎርን ዌልች የተባለ ግላይደር አዋቂ እስረኛ ቁጭ ብሎ መረመረለት። መጽሐፍ አለ፣ ስሌት አለ፣ የሚያርም ሁለተኛ ዓይን አለ። ግላይደሩ ከግንቡ ሳይበር ሚያዝያ 1945 አሜሪካኖች ደርሰው እስረኞቹን ነፃ አወጡ። ነገር ግን በ1999 ሙሉ መጠኑን የጠበቀ ሌላ ተሠርቶ በ2000 እንግሊዝ አገር ኦዲየም ላይ ሰው ይዞ በረረ፤ ጎልድፊንችና ቤስትም ሽማግሌ ሆነው ቆመው አዩት።

ዶርፍማንን ከእነዚህ ጋር ስናስተያየው የምንነቅፈው ዲግሪው አለመኖሩን አይደለም። እኛም ከመምህራን መሐል ዩኒቨርሲቲ ጀምረን ያላጠናቀቅን ብዙዎች ነን፤ ይህን በር ለመዝጋት የመጨረሻዎቹ ነን። የምንነቅፈው አለማስተማሩን ነው። ያ ሁሉ ሰው ብረት ሲቆርጥ፣ ሲሸከም፣ ሲጎትት ይውላል፤ አንዱም ለምን እንደሚቆርጥ አያውቅም። ሥዕሉ በዶርፍማን እጅ ነው፣ ስሌቱ በራሱ ውስጥ ነው። በመሐል ቢሞት ኖሮ ሁሉም አብረውት ያልቁ ነበር። ለዚህ እኮ ነው ውኃ ከድርሻው በላይ ሲጠጣ የተገኘው ሰው ያለ ቅጣት የሚያልፈው፤ ያለ እሱ ምንም የለማ! በዝምታ የተያዘ ዕውቀት ሥልጣን ይሆናል። አልድሪች ይህንን አይቶታል፤ በታውንስና በዶርፍማን መሐል ያለው ጠብ «ማን ያዝዛል» የሚል መሆኑን ከመጀመሪያው ያውቃል። ስለዚህ ጉድለቱ የገጸ ባሕርይው እንጂ የፊልሙ አይደለም የሚል ቢኖር፣ በከፊል እንስማማለን። ነገር ግን መጨረሻው ላይ አውሮፕላኑ ሲነሣ ፊልሙ ያንን ጥያቄ ይረሳዋል። በረረ፣ አለቀ፣ እልል ነው።

የ2004ቱን ብዙ ማለት አያስፈልግም። በረሃው ጎቢ ተብሏል (የተቀረጸው ግን እዚሁ አህጉራችን ላይ፣ ናሚቢያ ነው)። ዴኒስ ክዌድ አብራሪ፣ ጆቫኒ ሪቢሲ ሞዴል ሠሪ ሆነዋል። አወዳደቁ ያስደነግጣል፣ ሙዚቃው ይጮኻል። ሞዴል ሠሪው ግን የተከበረ ግትር ባለሙያ መሆኑ ቀርቶ እንግዳ ጠባይ ያለው፣ ከቆሰለ ሰው ላይ ጥይት የሚተኩስ ሰው ሆኗል። የመጀመሪያው ፊልም ሞዴል ሠሪውን እንድናከብረው እያስቸገረ ነው የሚያሳምነን፤ ሁለተኛው እንድንፈራው ብቻ ያደርገናል። ልጆቹ ሁለተኛውን መውደዳቸውን ግን እንናገራለን። ሁለት ሰዓት ከሃያ ገደማ የሚፈጅ ሽማግሌ ፊልም በፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ማየት ቀላል አይደለም።

አንድ ነገር ግን በሁለቱም ውስጥ ደስ አላለንም፤ ደስ ያላለን ደግሞ እኛን ብቻ አይመስለንም። በረሃ ውስጥ የሚኖር ሰው በሁለቱም ፊልሞች የሚመጣው ለመግደል ነው። በ1965ቱ፣ ሊነጋገሩ የሄዱት ሰዎች ታርደው ይገኛሉ፤ ገዳዮቹ ስም የላቸውም፣ ፊታቸውንም በቅጡ አናይም። በረሃ አቋርጦ እዚህ የደረሰ አንባቢ ከዘላን ሰው እጅ ውኃ የጠጣበትን ቀን ያስታውሳል። የበደለም አለ፣ ያዳነም አለ። ፊልሙ ያወቀው አንዱን ብቻ ነው።

ስለ ረቡዕ ክፍለ ጊዜ ግን አቋማችን ይታወቅ። ይቆይ እንላለን፤ በአንድ ሁኔታ። የክበቡ መሪ መምህር ልጆቹ ስሌቱን ደብተራቸው ላይ እንዲያሰፍሩ፣ አንዱ የሠራውን ሌላው እንዲያርም ያድርግ። እንዲያ ከሆነ የስፋት፣ የይዘት፣ የካሬና የኩብ፣ የጉልበትና የጫና ጥያቄዎች በክንፉ ውስጥ አሉ፤ እነዚሁ ናቸው ፈተናው ላይ የሚመጡት። ዝም ብሎ ቀርከሃ መሰንጠቅ ከሆነ ግን ከሳሾቹ ልክ ናቸው፤ ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ይሰጥ።

የክንፉ ፈተና በመጪው ረቡዕ በ9 ሰዓት ከአዳራሹ ጀርባ ይሆናል። ክንፉ ተገልብጦ ሥሩ ላይ ብቻ ይደገፋል፤ ከዚያ የግላይደሩ ክብደት አራት እጥፍ የሚሆን አሸዋ፣ ማለትም 9 ኪሎ ከ200 ግራም፣ በትናንሽ ከረጢት ተደርጎ ከሥሩ እስከ ጫፉ ቀስ በቀስ ይደረደርበታል። የጫፉ መውረድ በየኪሎው በማስመሪያ ተለክቶ ይጻፋል። ቢሰበርም የተሰበረበት ቦታ ይለካል። ለኮሚቴው ያመለከቱት ወላጆች በተለይ እንዲገኙ፣ ከተቻለም ሚዛኑን ራሳቸው እንዲይዙ ጋብዘናል። ባዶ የስኳር ወይም የጨው ከረጢት ያላችሁ እስከ ማክሰኞ ማታ ለክበቡ ልጆች ብትሰጡ ይተባበራሉ፤ አሥራ አምስት ይጎድላል።